ቁጥር የሌለው ሽጉጥ፣ ወንዝ የማይሻገር ሕግ

የዘንድሮው የመሰባሰቢያ መጽሔታችን አዘጋጆች «ከታሪክ ትምህርት ክፍል የወጣህ ነህና አንድ ታሪክ ነክ ጽሑፍ ላክልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ልደት አዳራሽ ክርክሮች ወይም ስለ ስድስት ኪሎ ምግብ ቤት ወጥ የሚያወራ ትዝታ ሳይሆን አይቀርም። ትዝታውን ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ ሞልተዋል። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን የኖርኩት በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ነው፤ ከምርቃት በኋላ የኖርነውም ታሪክ ታሪክ ነው ብዬ ስለ እሱ ልጽፍ ወሰንኩ። ጉዳዩ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በየቡናው ሲያነታርከን የቆየው ነው፦ ሰው በቤቱ የሚገጣጥማቸውን፣ መለያ ቁጥር የሌላቸውን ሽጉጦች ለመከልከል ከተሞችና ካውንቲዎች ያወጧቸው ሕጎች።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህ የአካባቢ ሕጎች ይሠራሉ የተባለላቸውን ሥራ መሥራታቸውን እጠራጠራለሁ። ይህን ስል ከጠመንጃ ወዳጆች ጎን መሰለፌ አይደለም፤ በቤቴ መሣሪያ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም። የእኔ ጥርጣሬ የታሪክ ተማሪ ጥርጣሬ ነው፦ ሕጉ ምን አለ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸውስ ምንድን ነው? (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ሕግ «መሣሪያ» ተብሎ የሚቆጠረው ሙሉው ሽጉጥ ብቻ አይደለም፤ ምላጩንና ሌላውን ሁሉ አቅፎ የሚይዘው አካልም ለብቻው እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። መለያ ቁጥሩ የሚመታው እሱ ላይ ነው። አፈሙዙን፣ ጥይት መያዣውን፣ ሞላውን ማንም ያለ ጥያቄ ይገዛል። እንግዲህ ብልጥ ነጋዴዎች ይህን አካል ጥቂት ቀዳዳ ሳይበሱለት፣ ጥቂት ፕላስቲክ ሳይሞርዱለት «ሰማንያ በመቶ ያለቀ» እያሉ መሸጥ ጀመሩ። አላለቀምና መሣሪያ አይደለም፤ መሣሪያ ካልሆነ ቁጥር አያሻውም፣ የገዢው ማንነትም አይጣራም። ገዢው በቤቱ በመሰርሰሪያና በሞረድ ይጨርሰዋል። ፈረንጆቹ «ጎስት ገን» ይሉታል፤ የሙት መንፈስ መሣሪያ እንደማለት ነው።

ቁጥሩ ራሱ ታሪክ አለው። ብዙ ሰው በዚህ አገር ጠመንጃ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ተቆጥሮ የኖረ ይመስለዋል። አይደለም። ፋብሪካዎች ለራሳቸው ሒሳብ ሲሉ ቁጥር ይመቱ ነበር እንጂ፣ ለገበያ በሚወጣ መሣሪያ ሁሉ ላይ ይመታ ብሎ የፌዴራሉ ሕግ የደነገገው በ1968 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት የተገደሉበት ዓመት። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ ቁጥር የሚባል ነገር ያልነካቸው የአደን ጠመንጃዎች ዛሬም በየገበሬው ቤት አሉ። የ1968ቱ ሕግ ቁጥር ምቱ ያለው ፈቃድ ያላቸውን አምራቾችና አስመጪዎች ነው። በጓዳው ለራሱ የሚሠራውን ሰው አልነካውም። በቅኝ ግዛት ዘመን ጠመንጃ የሚሠራው የመንደር ባለሙያ ስለነበር፣ ለራስ መሥራት ማንም የማይጠይቀው መብት ሆኖ ነው የኖረው። በ1968ም እንዲህ የሚያደርገው ሰው ጥቂት ነበርና ማን ይጨነቅለታል?

ቁጥሩ ምን ያህል ይናገራል የሚለውን ደግሞ ብዙዎቻችን አናውቀውም። ፖሊስ አንድ ሽጉጥ ሲይዝ ቁጥሩን ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ ወደምትባል ከተማ ይልካል። እዚያ ያለው የፌዴራል ማዕከል መጀመሪያ ፋብሪካውን፣ ቀጥሎ አከፋፋዩን፣ ቀጥሎ ሱቁን ይጠይቃል። ሱቁ የመጀመሪያው ገዢ የሞላውን ቅጽ ያወጣል። እዚያ ላይ ያበቃል። ማዕከሉ የመሣሪያ ባለቤቶችን አገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም በ1986 የወጣ ሕግ ይከለክለዋል፤ ከተዘጉ ሱቆች የመጣውን የወረቀት ክምር እንኳ በባለቤት ስም መፈለግ አይችልም። ገዢው ለጎረቤቱ ሸጦት ከሆነ፣ ወይም ተሰርቆበት ከሆነ፣ ዱካው እዚያው ይጠፋል።

አንድ የማውቀው ወንድማችን በከተማው ሰሜን ምሥራቅ በኩል ትንሽ ሱቅ ነበረው። በ1990ዎቹ ውስጥ በሽጉጥ ተዘረፈ፤ ትከሻውን ተመትቶ በአምላክ ቸርነት ተረፈ። ሽጉጡ ከወራት በኋላ ተያዘ። ቁጥሩ እንዳለ ነበር፣ ማንም አልፋቀውም። ዱካው ሲከተሉት ደቡብ ወርዶ አንድ ሱቅ ደረሰ፤ ገዢው ተገኘ፣ «በመሣሪያ ትርዒት ላይ ለማላውቀው ሰው ሸጥኩት» አለ። በቃ። ወንድማችን ይህንን ሲያወራ «ቁጥሩ ባይኖርስ ኖሮ ምን ይጎድልብኝ ነበር?» ይል ነበር። ቁጥር ከንቱ ነው ለማለት አይደለም ያመጣሁት፤ መርማሪ ፖሊስ ቁጥር ቢያገኝ ይመርጣል። ግን «ዱካ ያለው» እና «ዱካ የሌለው» መሣሪያ የሚባሉት በጋዜጣ እንደሚነገረው የሰማይና የምድር ያህል አይራራቁም።

አሁን ወደ አካባቢ ሕጎች ልምጣ። ከዋሽንግተን ብጀምር ማንም አይፈርድብኝም። ከተማዋ በ1973 ራሷን የማስተዳደር ሥልጣን አገኘች፤ በ1976 ምክር ቤቷ በአገሪቱ እጅግ ጥብቅ ከሚባሉት አንዱን የመሣሪያ ሕግ አወጣ። ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ሆነ፤ አዲስ ሽጉጥ ማስመዝገብ ደግሞ ለተራ ዜጋ ተዘጋ። አብዛኞቻችን በ1980ዎቹ በስደት ስንመጣ የገባነው ሽጉጥ ወደተከለከለባት ከተማ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ታክሲ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። በ1985 ከተማዋ ውስጥ የተገደለው ሰው ከ150 በታች ነበር። በ1991 ከ470 በላይ ሆነ። ሕጉ ያው ነው፣ አንድ ቃል አልተለወጠም። የተለወጠው የክራክ ኮኬይን ገበያ ነው። በሌሊት ፈረቃ ስነዳ አንዳንድ መንገድ ላይ መብራት እንኳ ቀይ ቢሆን አልቆምም ነበር፤ ፖሊሱም አይቶ ዝም ይል ነበር። ሽጉጡ ከየት ይመጣል? በከተማዋ መሣሪያ ሻጭ ሱቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሚመጣው ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከዚያም በታች ካሉት ግዛቶች ነው፣ በመኪና ሻንጣ።

የሚገርመው፣ በዚያው ደም በበዛበት በ1991 መጨረሻ «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» አንድ ጥናት አወጣ። የ1976ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ በሩብ ያህል፣ በመሣሪያ ራስን ማጥፋትም ከዚያው በተጠጋ መጠን ቀንሷል፤ በአጎራባች አካባቢዎች ግን እንዲህ ዓይነት ቅናሽ አልታየም የሚል ነበር። ተቺዎች ወዲያው ተነሡበት፤ ዘመኑ አመራረጥ ላይ፣ ንጽጽሩ ላይ። እኔ ጥናቱን ከልቤ ነው የማከብረው፤ ራስን ማጥፋት ላይ ያለው ነጥብ በተለይ ክብደት አለው። ቢሆንም ነገሩን ወደፊት እንከተለው። በ2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄለር በተባለው መዝገብ በአምስት ለአራት ድምፅ የከተማዋን እገዳ ሻረ። ከንቲባውና ፖሊሶች ደም ይፈሳል ብለው ሰጉ። በ2012 የተገደለው ሰው 88 ነበር፤ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያልታየ ዝቅተኛ ቁጥር። በ2023 ደግሞ ተመልሶ 274 ደረሰ፣ በዓመቱ 187 ሆነ። ይህን መስመር ከሕጎቹ መስመር ጋር አስተያዩትና አብረው ሲወጡ ሲወርዱ ካያችሁ ንገሩኝ።

በነገራችን ላይ፣ የአካባቢ ሕግ ለተግባር ብቻ አይወጣም፤ ለመናገርም ይወጣል። በ1981 ኢሊኖይ ውስጥ ሞርተን ግሮቭ የምትባል ትንሽ ከተማ ሽጉጥ መያዝን ከለከለች። በዓመቱ ጆርጂያ ውስጥ ኬነሶ የምትባል ሌላ ከተማ በአጸፋው እያንዳንዱ አባወራ መሣሪያ እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ሁለቱም በአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ወጡ። ሞርተን ግሮቭ በ2008 ደንቡን ሰረዘች። የኬነሶ ደንብ ደግሞ ሃይማኖቱ ወይም ኅሊናው የማይፈቅድለትን ሁሉ ከግዴታው ነፃ ያደርጋል። ሁለቱ ደንቦች ለነዋሪዎቻቸው «እኛ እንዲህ ነን» አሉላቸው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ማሳየት ከባድ ነው።

እንዲህ ያለውን ታሪክ ይዤ ነው እንግዲህ አዲሱን ዘመን የጠበቅሁት። በ2013 አንድ የቴክሳስ ቡድን በስሪዲ ማተሚያ የተሠራ የፕላስቲክ ሽጉጥ አተኩሶ አሳየ፤ ዓለም ጉድ አለ። ገበያውን ያጥለቀለቀው ግን እሱ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ኔቫዳ ውስጥ የተቋቋመው ፖሊመር80 የተባለው ድርጅትና መሰሎቹ በፖስታ የሚልኳቸው ጥቅሎች ናቸው። የዋሽንግተን ፖሊስ በ2017 የያዘው ቁጥር አልባ ሽጉጥ 3 ነበር። በ2018 25 ሆነ። በ2019 ከመቶ አለፈ። በ2021 ከ400 በላይ። በአገር ደረጃ በ2021 ብቻ 20,000 ገደማ ተይዘው ለፌዴራሉ ቢሮ ሪፖርት ተደርገዋል፤ ከ2016 ወዲህ በነበሩት ስድስት ዓመታት ከተያዙት 45,000 ያህሉ ውስጥ እስከ ገዢው ድረስ ዱካቸው የተገኘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስጋቱ የፈጠራ ወሬ አልነበረም።

የከተማዋ ምክር ቤት በመጋቢት መጀመሪያ 2020 በአስቸኳይ አዋጅ ከለከላቸው። ሳን ዲዬጎና ሌሎች የካሊፎርኒያ ከተሞች በ2021 ተከተሉ። እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ነገር አለ። በዋሽንግተን ከ1976 ጀምሮ ያልተመዘገበ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው፤ ቁጥር የሌለውን ሽጉጥ ደግሞ ማስመዝገብ አይቻልም። ስለዚህ የተገጣጠመው ሽጉጥ ከአዲሱ ሕግ በፊትም ሕገ ወጥ ነበር! አዲሱ ሕግ በእውነት የጨመረው ጥቅሉንና ያላለቀውን አካል መሸጥንና መያዝን መከልከሉ ነው። ወንዙን ተሻግሮ በቨርጂኒያ በኩል ግን ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ክልከላ አልነበረም። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያም ቢፈልጉ እንኳ የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለ ደንብ እንዳያወጡ ያግዳቸዋል፤ ከአርባ በላይ ግዛቶች ከተሞቻቸውን የሚያስሩት በዚሁ ዓይነት ሕግ ነው። ፖቶማክን በድልድይ መሻገር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በሜሪላንድ በኩል ብዙዎቻችን የምንኖርባት የሞንጎመሪ ካውንቲ፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ ማለት ነው፣ በ2021 የራሷን ሕግ አወጣች፤ በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ እምነትና በመሳሰሉት ዙሪያ ቁጥር አልባ መሣሪያንና ክፍሎቹን ከለከለች። ወዲያው ፍርድ ቤት ቀረበባት። ጥር 2022 ላይ እዚያው ካውንቲ ውስጥ፣ በማግሩደር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት፣ አንድ የ17 ዓመት ልጅ የ15 ዓመት ተማሪ ላይ ተኮሰ። ሽጉጡ በኢንተርኔት ታዝዞ የተገጣጠመ ነበር። ልጁን ያገኘው ሕግ ሦስት አራት ዓይነት ነበር፤ ለዕድሜው የማይፈቀድ፣ በትምህርት ቤት የማይፈቀድ፣ በካውንቲው ደንብ የማይፈቀድ። ካሊፎርኒያ ቤት የተሠራ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ያውጣ የሚለው ሕጓ በሐምሌ 2018 ሥራ ላይ ዋለ። ኅዳር 2019 ሶገስ በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ16 ዓመት ልጅ በተገጣጠመ ሽጉጥ ሁለት ተማሪዎች ገደለ፣ ሦስት አቆሰለ፣ ራሱንም ገደለ። ቁጥር የሚያወጣለት ልጅ አልነበረም።

ይህን በወር አንዴ በምንገናኝበት ቡና ላይ ሳወራ ሁለት ሰዎች ተቃወሙኝ። አንዱ የአምስት ኪሎ መሐንዲስ ነው፣ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የወጣ። «አንተ የምትለው ሕጉ ጥሩ አልተተኮሰም ነው እንጂ ዒላማው ተሳስቷል አይደለም» አለኝ። ለእሱ ዋናው ጥያቄ ብረት መቼ ጠመንጃ ይሆናል የሚለው ነው። «ሰማንያ በመቶ የሚባል መለኪያ በምህንድስና የለም፤ የሽያጭ ቃል ነው» ይላል። ሌላዋ የሟች ጓደኛዬ ልጅ ናት። ድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፣ በሥራዋ የምታየውን አይቶ እንቅልፍ የሚወስደው ብርቱ ነው። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «እርስዎ የሚቆጥሩት ሕጉ ያላቆመውን ነው። ያቆመውን ማን ይቆጥርልኛል? ጥቅሉ በፖስታ እንዳይመጣለት የተከለከለ ልጅ እኔ ጋ አይመጣማ!»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በቀልድ የሚያልፍ አይደለም። ያልሆነ ነገር መዝገብ የለውም። እኔ የመለስኩላት «ታዲያ ያቆመው የትኛው ሕግ እንደሆነ እንይ» ብዬ ነው።

የከተማዋ ዐቃቤ ሕግ በ2020 ፖሊመር80ን ከሰሰ። በከተማዋ ከተያዙት ቁጥር አልባ ሽጉጦች አብዛኞቹ የዚህ ድርጅት ነበሩ። ከክሱ ዋናው ነጥብ የመሣሪያ ወንጀል አልነበረም። ድርጅቱ ዕቃው በዋሽንግተን ሕጋዊ እንደሆነ አድርጎ ለሸማቾች አሳሳች ነገር ተናግሯል የሚል ነው። ሥራ ላይ የዋለው ሸማችን ከአታላይ ነጋዴ የሚጠብቀው ሕግ ነው፤ እሱም የወጣው፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ በዚያው በ1976 ነው። በነሐሴ 2022 ፍርድ ቤቱ ድርጅቱ ከአራት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍልና ለከተማዋ ነዋሪዎች እንዳይሸጥ አዘዘ። በ2023 ሎስ አንጀለስ አምስት ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል ስምምነት አስፈረመች፤ በ2024 ባልቲሞርም አስከፈለች። በዚያው ዓመት ድርጅቱ በሩን ዘጋ። ቡና ላይ ይህን ስናገር መሐንዲሱ ሳቀ፤ «የሱቅ ሕግ ጠመንጃ ማረከ በለኛ!» አለ።

በዚያው በነሐሴ 2022 የፌዴራሉ ቢሮ አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አዋለ፦ በቀላሉ የሚገጣጠም ጥቅል እንደ መሣሪያ ይቆጠራል፣ ቁጥር ይመታበታል፣ ገዢው ይጣራል። ሻጮቹ ተሟገቱ። በመጋቢት 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰባት ለሁለት ደንቡን በጠቅላላው አጸና። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ጎርሰች ናቸው፤ ወግ አጥባቂ ከሚባሉት ወገን። ያላለቀ ረቂቅም «ልብ ወለድ» ይባላል፣ ከአይኪያ የተገዛ ያልተገጣጠመ ጠረጴዛም «ጠረጴዛ» ይባላል ብለው ከቋንቋ ተነሥተው ተከራከሩ። ከጥቅሉ አንዱን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው በተራ መሣሪያና በዩቲዩብ እየታገዘ በ21 ደቂቃ ገጣጥሞታልም ብለዋል። መሐንዲሱ ወዳጄ ውሳኔውን ሙሉውን አነበበው፤ ከጡረታ ወዲህ እንዲህ የተደሰተበትን ነገር አላየሁም።

ከ2022 በኋላ በዋሽንግተንም በባልቲሞርም የሚያዘው ቁጥር አልባ ሽጉጥ እየቀነሰ መጥቷል። ምስጋናው የማን ነው? የከተማው የ2020 ክልከላ? የሸማቾች ሕግ? የሜሪላንድ ግዛት በ2022 ያወጣው ሕግ? የፌዴራሉ ደንብ? ወይስ ወንጀሉ በጠቅላላ ስለቀነሰ? ሁሉም በአንድ ወቅት ስለመጡ መለየት ያስቸግራል። እኔ ከተጠየቅሁ ሚዛኔ ወደ ሻጩ ይደፋል፤ ገንዘብ በሚያልፍበት በር ላይ የቆመው ሕግ ሠራ፣ በልጁ ኪስ ላይ የቆመው ሕግ ልጁን አሰረ። ያም ሆኖ መንገዱ ሌላ ቀዳዳ እንደሚያገኝ አይተናል። ዛሬ ፖሊስ የሚያማርረው «ስዊች» በሚሉት የጣት አንጓ በምታህል ቁራጭ ነው፤ ቁጥር ያለውን፣ ከሱቅ የተገዛውን ሽጉጥ ወደ መትረየስ ትለውጠዋለች።

ነርሷ ግን አንድ ነገር ጨምራ ነው የተነሣችው። «ጋሼ፣ የእናንተ ትውልድ እኮ መንግሥት ‹መሣሪያ ልመዝግብ› ሲል በደመ ነፍስ ትደነግጣላችሁ።» ዕድሜዋን አስቤ ዝም አልኩ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የቤት ለቤት አሰሳው የታወጀው የጦር መሣሪያ ለመልቀም ነበር፤ የተለቀመው ግን ሰው ነው። ከመካከላችን በዚያ ሳምንት ከዶርም ወጥተው ያልተመለሱ አሉ፤ ፎቶግራፋቸው በዚህ መጽሔት የቀድሞ እትሞች ወጥቷል። ይህ ትዝታ ዳኝነቴን አይነካውም ብል ማንም አያምነኝም። ቢሆንም ማርቲንስበርግ ያለው ጸሐፊ የቀበሌ ጓድ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ጓደኛ ሲያጋጥመኝ እከራከረዋለሁ።

ደግሞ አገራችንም በዚህ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። ሰው ስለ ጠመንጃ ሲያወራ በስሙ ነበር የሚያወራው፤ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። መሣሪያ በቁጥሩ ሳይሆን በባለቤቱ ነበር የሚታወቀው፤ የእገሌ ጠመንጃ ይባላል፣ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። እቤት መሥራትንም ከተናገርን ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ አለ። በኛ ዘመን ደግሞ ኢትዮጵያ በ2004 መሣሪያ ላይ ምልክት መምታትን የሚያዘውን የናይሮቢ ፕሮቶኮል ፈረመች፤ ዋሽንግተን ቁጥር አልባ ሽጉጥን በከለከለችበት በዚያው በ2020 የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጸደቀ። አዋጁ በወጣ በዓመቱ አገሩ ጦርነት ውስጥ ነበር። አዋጁን የማነበው በዋሽንግተኑ ጥርጣሬ ዓይን ነው፦ በየትኛው በር ላይ ነው የቆመው፣ በአስመጪውና በሻጩ ላይ ነው ወይስ በገበሬው ትከሻ ላይ?

ማተሚያው ደግሞ እየመጣ ነው። በ2022 የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ ናራ ከተማ ውስጥ የተገደሉት በቧንቧ በተሠራ የቤት ሽጉጥ ነው፤ ከዓለም እጅግ ጥብቅ የመሣሪያ ሕግ ባለበት አገር። በምያንማር ከ2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጫካ የገቡ ወጣቶች ኤፍ.ጂ.ሲ. 9 የተባለውን በማተሚያ የሚወጣ መሣሪያ ይዘው ታይተዋል። እዚህ ሻጭ የለም፤ ያለው ፋይል ነው። የሸማቾች ሕግ የሚይዘው ነጋዴ ስለሌለ፣ ቅድም ያመሰገንኩት መንገድም ብዙ አያስኬድም።

የሕግ ፋኩልቲ መምህራን ይህን መጽሔት እንደምታነቡ አውቃለሁ። የአዋጅ 1177/2012 አፈጻጸም በወረዳ ደረጃ ምን እንደሚመስል፣ በተለይም ምልክት የመምታቱ ሥራ የት እንደደረሰ የሚያውቅ መምህር ቢጽፍልን ደስ ይለናል። አዘጋጆቹን ጠይቄያለሁ፤ ለሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ይዘዋል።